ፈቺ የማያሻው ቁልፍ

ማመልከቻን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በሚመራ ሶፍትዌር ውስጥ ጭንቁ ሁለት ነው፤ አንድ ጉዳይ በሁለት እጅ እንዳይገባ፣ ከተያዘም በኋላ እንዳይረሳ። የተለመደው መላ በሠንጠረዡ ላይ «ተይዟል» የሚል ዓምድ መጨመር ነው። ይሁንና የያዘው ፕሮግራም መሃል ላይ ከሞተ ጽሑፉ ይቀራል፤ ጉዳዩም መጥቶ የሚያነሳው ያጣል።

ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ይህን የፈታበት መንገድ የጥሩ እጅ ሥራ ነው። አንድ ረድፍ «ፎር አፕዴት» በሚለው ትእዛዝ ሲቆለፍ የቆለፈው ትራንዛክሽን (አብሮ የሚጸድቅ ወይም አብሮ የሚሰረዝ የሥራ ጥቅል) ቁጥር እዚያው ረድፉ ራስጌ ላይ ይጻፋል። የተቆለፉ ረድፎችን የሚዘረዝር መዝገብ በሜሞሪ ውስጥ ስለሌለ፣ አሥር ረድፍ ተቆለፈ አሥር ሚሊዮን፣ ሜሞሪው አይጣበብም።

ጥበቡ ይበልጥ የሚታየው አፈታቱ ላይ ነው። ኮሚት ሲደረግ፣ ማለትም ትራንዛክሽኑ ሲጸድቅ፣ ወደየረድፉ ተመልሶ ቁጥሩን የሚፍቅ የለም። የኮሚቱ ማስታወሻ አስቀድሞ ዲስክ ላይ ይሰፍራል፤ ቀጥሎ ለትራንዛክሽኑ በተመደቡት 2 ቢቶች ላይ መጽደቁ ይመዘገባል። ረድፉ ላይ የቀረው ቁጥር ሥራውን የጨረሰ ትራንዛክሽን ቁጥር ስለሆነ ማንንም አያግድም። ኮሚት ሳይደረግ ሰርቨሩ መብራት ጠፍቶበት ቢወድቅስ? ሲነሳ ያንን ቁጥር ያገኛል፤ በሥራ ላይ የለም፣ የጸደቀበትም ምልክት የለም፤ ስለዚህ እንደተሰረዘ ይቆጥረዋል። ለውድቀት ተብሎ የተለየ ማጽጃ አላስፈለገም።

በጃንዋሪ 2016 የወጣው 9.5ኛው እትም በዚህ ላይ «ስኪፕ ሎክድ»ን ጨመረ። ብዙ ፕሮግራሞች ተራ የሚጠብቅ ጉዳይ በአንድ ጊዜ ሲጠይቁ፣ እያንዳንዱ የተቆለፈውን አልፎ ቀጣዩን ይወስዳል፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። የጉዳዩ ደረጃ ለውጥና የቁልፉ መፈታት በአንድ ኮሚት ይጠናቀቃሉ። የአንዱ ግንኙነት ከተቋረጠ የጀመረው ሁሉ ይሻርና ጉዳዩ ለሌላው ክፍት ይሆናል።

መሣሪያው ጥሩ ስለሆነ ብቻ ግን በሁሉም ቦታ አይገባም። ኃላፊው ፈርሞ እስኪመልስ ሦስት ቀን ትራንዛክሽን ከፍቶ መቆየት ቁልፉን ያለ ቦታው ማዋል ነው። እዚህ ላይ ያ የተናቀ ዓምድ ተመልሶ ይጠቅማል፤ ጉዳዩ በማን እጅ እንዳለና እስከ መቼ እንደሚቆይ ጽፎ ወዲያው ኮሚት ማድረግ ይበቃል። ለማሽን ቅጽበት ቁልፍ፣ ለሰው ቀናት ቀነ ገደብ ያለው ጽሑፍ፤ ይህን የለየ ባለሙያ ሥራው ሲሄድ ማንም አያስተውለውም።