የሰው ክሮሞሶም ቁጥር፦ የቺዮና የሌቫን ጥናት ሲገመገም

ጆ ሂን ቺዮና አልበርት ሌቫን እ.ኤ.አ. በ1956 «ሄሬዲታስ» በተባለው የስዊድን መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ስድስት ገጽ ብቻ ነው። ሆኖም ከ30 ዓመታት በላይ ጸንቶ የኖረውን «የሰው ክሮሞሶም 48 ነው» የሚለውን ድምዳሜ በ46 ለመተካት በቅቷል።

የጥናቱ ቀዳሚ ጥንካሬ ዘዴው ነው። ቀደምት ተመራማሪዎች የሚቆጥሩት በአብዛኛው በስሱ በተቆረጠ የቲሹ ናሙና ላይ ስለነበር ክሮሞሶሞቹ ተደራርበው፣ አንዳንዴም ተቆርጠው ይታዩ ነበር። ቺዮና ሌቫን ግን ከሽል ሳንባ የተገኙ ሕዋሳትን በላቦራቶሪ አሳደጉ፤ ክፍፍላቸውን በኮልቺሲን ገቱ፤ ጨው ባነሰበት ፈሳሽ አሳበጧቸው፤ በመጨረሻም በስላይድ ላይ ተጭነው ክሮሞሶሞቹን በተኗቸው። የእያንዳንዱ እርምጃ መጠን ወሳኝ ነው። ኮልቺሲን ሲበዛ ክሮሞሶሞቹ ከመጠን በላይ ያጥራሉ። እብጠቱ ወይም ጫናው ሲበዛ ሕዋሱ ፈንድቶ ክሮሞሶም ይጠፋል፤ ሲያንስ ደግሞ ተደራርበው ይቀራሉ።

ይሁን እንጂ ስሕተቱ የዘዴ ጉድለት ብቻ አልነበረም። ሕዋሳትን በፈሳሽ የማሳበጥን ጥቅም ቀድሞ የተገነዘበው ቲ. ሲ. ሹ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1952 ባወጣው ጽሑፍ የሰውን ክሮሞሶም 48 ብሎታል። ቺዮና ሌቫን ራሳቸው እንደጠቀሱት፣ የሽል ጉበት ሕዋሳትን ያጠኑ ባልደረቦቻቸው 46 ብቻ እያገኙ፣ 48 ሊሞላላቸው ስላልቻለ ሥራውን አቁመውት ነበር። ይህን መመስከራቸው የሚያስመሰግን ቢሆንም ጽሑፉ ገጠመኙን ጠቅሶ ያልፈዋል እንጂ አይመረምረውም። የሚጠበቀው ቁጥር ዓይን ያየውን ሊያስክድ መቻሉ ሰፋ ያለ ትንተና ይገባው ነበር።

ሌላው ውስንነት ማስረጃው ከሽል ሳንባ ሕዋሳት ብቻ መገኘቱ ነው። ደራስያኑ ይህን ተገንዝበው ውጤቱን ለሰው ልጅ ሁሉ ከማጠቃለል ተቆጥበዋል። ፎርድና ሃመርተን በዚያው ዓመት ከወንድ የዘር ፍሬ በተወሰዱ ሕዋሳት ላይ 23 ጥንዶችን በማየታቸው ጥንቃቄው ወደ እርግጠኝነት ተሸጋገረ።

የዚህ ቆጠራ ፋይዳ በሕክምናው መስክ ለመታየት ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1959 ለዠንና ባልደረቦቹ ዳውን ሲንድሮም ባለባቸው ሕፃናት 47 ክሮሞሶም ሲያገኙ፣ አንድ ትርፍ መኖሩን ለማወቅ የቻሉት ጤናማው ቁጥር 46 መሆኑ ቀድሞ በመረጋገጡ ነው። ጥናቱ ዛሬም ለላቦራቶሪ ባለሙያ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው፤ ናሙናውን በጥንቃቄ ማዘጋጀት የሥራው ግማሽ ሲሆን፣ ቀሪው ግማሽ የታየውን እንደታየ መመዝገብ መሆኑን ያሳያል።