«ከነድምፅ ማጉያው»፦ ስለ አንድ ስያሜና ስለ ያገለገሉ የሙዚቃ መሣሪያዎች ገበያ

ባለፈው ዓመት ለቋንቋ ጥናት በሆሳዕና በሰነበትንበት ወቅት፣ ከከምባታ ከተሞች ከአንዲቱ የመጡ ሦስት ሽማግሌዎች አንድ የሽያጭ ውል ይዘው ካረፍንበት ድረስ መጡ። ገዥው የአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ኮሚቴ ነው፤ ሻጩ ከደቡብ አፍሪካ የተመለሰ ወጣት ነው። ውሉ የተጻፈው በአማርኛ ሲሆን የተሸጠውን ዕቃ የሚገልጸው ሐረግ «አንድ ያገለገለ ኦሪጅናል ቤዝ ጊታር ከነድምፅ ማጉያው» የሚል ነበር። ኮሚቴው ገንዘቡን ከፍሎ የተረከበው ጊታሩንና አንድ ከባድ የብረት ዕቃ ነው። ዕቃው ከኤሌክትሪክ ጋር ሲያያዝ መብራቱ በራ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። የሚወጣበት የለውምና። ሻጩ ያስረከበው አምፕሊፋየሩን እንጂ ስፒከሩን አልነበረም። ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚገፉት ያቀረቡልን ጥያቄ አጭር ነው፤ «ዶክተር፣ እርስዎ የቃል ሰው ነዎት ብለውን ነው የመጣነው። ድምፅ ማጉያ የሚባለው የትኛው ነው?»

ጥያቄው ያሳፈረን መሆኑን መደበቅ አይገባንም። ከብዙ ዓመታት በፊት በተካፈልንበት አንድ የስያሜ ጉባኤ «ድምፅ ማጉያ ለሁሉም ይበቃል» ተብሎ ሲወሰን እጃቸውን ካወጡት መካከል ነበርን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ሂስ በሌሎች ላይ ብቻ የሚያነጣጥር አይደለም።

በቅድሚያ ገበያው ራሱ ምን ዓይነት እንደሆነ መግለጽ ያስፈልጋል፤ አንባቢያችን ስለ ቤዝ ጊታር ንግድ ሲነሳ አዲስ አበባን እንጂ ሆሳዕናን፣ ዱራሜን፣ ሾኔን ወይም ሺንሺቾን ላያስብ ይችላልና። በእነዚህ ከተሞች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በተጀመረው የወንጌል ሥርጭት ሥር የሰደዱ አያሌ አጥቢያዎች አሉ፤ ኅብረ ዝማሬ ደግሞ የአምልኮው ዋነኛ ክፍል ነው። ኪቦርድ፣ ጊታር፣ ከበሮና ቤዝ ያስፈልጉታል። በሌላ በኩል ከሐዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ወጣት ቁጥሩ ብዙ ስለሆነ፣ ሲመለስ ወይም ለዘመድ ሲልክ ዕቃ ይመጣል። ከአሜሪካ የሚመጣም አለ። አዲስ የሚባለውን ከሱቅ መግዛት ከባድ ነው፤ በተለይም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሲያልፍ፣ ስሙ የታወቀ መሣሪያ ለአንድ አጥቢያ የብዙ ወራት መዋጮ ሆነ። ስለሆነም ጥሩው ዕቃ የሚገኘው ያገለገለ ሲሸጥ ነው። ድርድሩ በሐድይኛ ወይም በከምባትኛ ይካሄዳል፤ ውሉ ግን በአማርኛ ይጻፋል። የኛ ስያሜ የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። «ማጉያ» ከ«ጎላ» በ«አጎላ» በኩል የተገኘ የመሣሪያ ስም ነው፤ ድምፅን የሚያጎላ ዕቃ ማለት ነው። ድምፅ በመሣሪያ ሲጎላ ግን ሥራው በሦስት ይከፈላል። ማይክሮፎን ድምፅን ወደ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይለውጣል፤ በቤዝ ጊታር ላይ ይህን ተግባር የሚፈጽመው ከክሮቹ ሥር የተተከለው ፒክአፕ ነው። አምፕሊፋየር ደካማውን ሞገድ ያበረታል። ስፒከር የበረታውን ሞገድ መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። በጥብቅ አነጋገር ከሦስቱ የሚያጎላው አምፕሊፋየሩ ብቻ ነው። ከዚህ አኳያ ሻጩ ልክ ነው፤ «ማጉያ» ሸጧል፣ ማጉያ አስረክቧል።

ሕዝቡ ግን ቃሉን እንደ ሥርወ ቃሉ አይጠቀምበትም። በአውራ ጎዳና በመኪና ላይ ተጭኖ ለስብሰባ የሚጠራው ድምፅ ማጉያ ይባላል፤ እሱ ስፒከር ነው። በመድረክ ላይ ተናጋሪው «ድምፅ ማጉያውን አቀብሉኝ» ሲል እጁን የሚዘረጋው ወደ ማይክሮፎኑ ነው። ኪራይ ቤት ሄዶ «ለሠርግ ድምፅ ማጉያ ፈልጌ ነበር» የሚል ሰው ደግሞ ሁሉንም በጅምላ ማለቱ ነው። እንግዲህ አንድ ስም ለሦስት ዕቃና ለአንድ ስብስብ ተሰጥቷል፤ ከእነዚህ ውስጥ በትክክል ያልተሰጠው የሚገባው ለነበረው ለአምፕሊፋየር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በጊታርና በሬዲዮ ይህ ጉድለት ብዙም ላያስቸግር ይችላል፤ ሁለቱ አካላት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሣጥን ውስጥ ናቸውና። በቤዝ ግን የተለየ ነው። ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክሩ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ይህን የመሰለ ወፍራም ድምፅ ለማውጣት ብዙ ኃይልና ሰፊ ስፒከር ያስፈልጋል፤ ክብደቱም አንድ ሰው ከሚሸከመው በላይ ይሆናል። ስለዚህ አምፕሊፋየሩና የስፒከሩ ሣጥን ተለያይተው ይሠራሉ፤ ተለያይተውም ይሸጣሉ። አምፔግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣው ኤስ ቪ ቲ የተሰኘ ባለ 300 ዋት አምፕሊፋየርና ባለ ስምንት ስፒከሩ ሣጥን እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ምሳሌ ነው። ሁለቱን በአንድ ሣጥን የያዙ አነስተኞችም አሉ፤ ኮሚቴው በዓይነ ሕሊናው የነበረው እንዲህ ያለው እንደነበር ከንግግራቸው ተረድተናል።

ለሽማግሌዎቹ የሰጠነው መልስ ግን በ«ማጉያ» ላይ የቆመ አልነበረም። ትኩረታችንን የሳበው «ከነ» የሚለው ምዕላድ ነው። አማርኛ «ከነ»ን የሚጠቀመው አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ በሚሆንበት ቦታ ነው፤ ድስት ከነክዳኑ፣ ጋሪ ከነፈረሱ፣ ላም ከነጥጃዋ። ጋሪ ከነፈረሱ የገዛ ሰው ጋሪውንና ልጓሙን ቢረከብ ተታልሏል። በመጨረሻው ላይ ያለው «ው» ደግሞ ማጉያው የዚያ ጊታር የራሱ እንደሆነ ይናገራል፤ ማለትም ጊታሩ የሚሰማበት ነገር ተሟልቶ እንደሚሰጥ ያስታውቃል። እንግዲህ ስሙ ለሻጩ ሲመሰክር ምዕላዱ ለገዥው ይመሰክራል። ሽማግሌዎቹም ይህን ሲሰሙ ተያዩ፤ አንደኛው «እኛም ያልነው ይህንኑ ነበር፣ በሰዋስው ባንለውም» አሉ።

ከዚህ በኋላ ቃላቱን ከገበያው ለመስማት በሆሳዕናና በዱራሜ ጥቂት ቀናት ቆየን። ነጋዴውም፣ ደላላውም፣ መዘምሩም «አምፕሊፋየር» ይላሉ፤ «ስፒከር»፣ «ሚክሰር»፣ «ጃክ» ይላሉ። ለትልቁ ስፒከር ደግሞ ከሁሉ የጠነከረው ስም «ሞንታርቦ» ነው። ሞንታርቦ የአንድ የኢጣልያ ኩባንያ ስም ነበር፤ በአገራችን ማንም ይሥራው ማን ለትልቅ ስፒከር የወል ስም ሆኗል፤ ሃይላንድ ለላስቲክ ጠርሙስ፣ ኦሞ ለልብስ ሳሙና ዱቄት እንደሆኑት ሁሉ። በቃላት ዝርዝሮቻችን ውስጥ ሞንታርቦን ያላስገባነው የንግድ ስም ነው በሚል ነው። ይሁንና ሞንታርቦን ከማይክሮፎን ወይም ከአምፕሊፋየር ጋር ያምታታ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመንም። እኛ የፈጠርነው ቃል ሲያምታታ፣ እኛ የናቅነው ሳያምታታ ሠላሳና አርባ ዓመት አገልግሏል።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን መፍትሔው ሌላ አገርኛ ቃል መፍጠር እንደሆነ ይከራከራሉ። «አጉሊ መነጽር» እንደሚባል ሁሉ አምፕሊፋየርን «ድምፅ አጉሊ»፣ ስፒከርን «ድምፅ ማጉያ» ማለት ይቻላል ይላሉ። የቃሉ አመሠራረት እንከን የለውም። ነገር ግን በመነሻና በመድረሻ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ሁለት ስሞች በችኮላ በሚጻፍ ውል ላይ ተለያይተው አይቆዩም፤ ከዚህም በላይ ዛሬ ያለውን ግርታ በሕግ ማጽናት ይሆናል። ጊታርን «ጊታር»፣ ሬዲዮን «ሬዲዮ» ብሎ የተቀበለ ቋንቋ በአምፕሊፋየርና በስፒከር የሚደፈር ክብር የለውም። በእኛ አስተያየት እነዚህ ሁለት ቃላት በመዝገበ ቃላት ውስጥ ራሳቸውን ችለው ይግቡ፤ ሞንታርቦም «ትልቅ ስፒከር» ተብሎ ይመዝገብ፤ «ድምፅ ማጉያ» ደግሞ ለስብስቡ ብቻ ይቅር።

ለተርጓሚዎች የሚጠቅም አንድ ሌላ ነጥብ እናንሳ። የአምፕሊፋየር መመሪያዎችን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ሰዎች ቤዝን «ዝቅተኛ ድምፅ»፣ ተቃራኒውን «ከፍተኛ ድምፅ» እያሉ ሲተረጉሙ አይተናል። በእንግሊዝኛ ድምፅ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል፤ በአማርኛ ግን ይወፍራል፣ ይቀጥናል። «ድምፁን ዝቅ አድርግ» የተባለ አማርኛ ተናጋሪ ሬዲዮውን ይቀንሳል እንጂ ቤዙን አይነካም። በገናን የሚደረድር ሰው ስለ መሣሪያው ሲናገር «ወፍራም» ይላል፤ መመሪያውም «ወፍራም» ሊል ይገባዋል። ስለ ፒክአፕም አንድ ቃል፦ «ያገለገለ ፒክአፕ የሚሸጥ» የሚል ማስታወቂያ በሆሳዕና ቢለጠፍ የሚመጡት ገዥዎች መዘምራን ሳይሆኑ ጭነት የሚያመላልሱ ነጋዴዎች ናቸው። ስለዚህ ቢያንስ «የጊታር ፒክአፕ» መባል አለበት።

ወደ ውሉ ስንመለስ «ኦሪጅናል» የሚለውም ያከራከረ ቃል ነበር። በገበያው ይህ ቃል ሦስት ነገር ይናገራል፦ ስሙ የተጻፈበት ኩባንያ በእርግጥ የሠራው፤ ክፍሎቹ ያልተለወጡ፤ እንዲሁም በደፈናው «ጥሩ»። በውድ መሣሪያ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተለያይተው ካልተነገሩ ዋጋ መገመት አይቻልም። ፌንደር የሠራው ጊታር ፒክአፑና የክር መወጠሪያዎቹ ተለውጠው ሊሆን ይችላል፤ ፌንደርነቱ አይጠፋም፤ ዋጋው ግን ይወርዳል። ለሁለተኛው ፍቺ የመኪና ደላሎች የሚጠቀሙበት «ያልተፈታ» የሚለው ቃል በሚገባ ያገለግላል። «የአሜሪካ» የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ «የ» የተሠራበትን አገር ይሁን የመጣበትን አይለይም። ፌንደር በአሜሪካም በሜክሲኮም ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በስኩዋየር ስም የሚያወጣቸው ርካሾቹ ደግሞ በአብዛኛው የእስያ ሥራ ናቸው። ዲትሮይት ከሚኖር ዘመድ የተላከ ስኩዋየር «የአሜሪካ» ቢባል የአማርኛ ሕግ አልተጣሰም፤ ገዥው ግን ተጎድቷል። ስለዚህ ውል ጸሐፊው «በአሜሪካ የተሠራ» ወይም «ከአሜሪካ የመጣ» ብሎ ይለይ። ለአምፕሊፋየር የመጣበት አገርም ቢሆን ከንቱ ዝርዝር አይደለም፤ ከአሜሪካ የመጣው በ120 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ በእኛ 220 ቮልት ያለ ትራንስፎርመር ቢሰካ ይቃጠላል፤ ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ቮልቱ ይስማማል፣ ሦስቱ ወፋፍራም የሶኬት እግሮቹ ግን ከግድግዳችን ቀዳዳ አይገቡም።

ስለ «ያገለገለ» የምንለው በአብዛኛው ምስጋና ነው። በልብስ ልባሽ አለ፣ በዕቃ አሮጌ አለ፤ ሁለቱም ዋጋን ያዋርዳሉ። «ያገለገለ» ግን ዕቃውን እንደ ሠራተኛ ያከብረዋል። በእነዚህ ከተሞች ደግሞ ተጨማሪ ፍቺ አለው፤ መዘምራን ሥራቸውን «አገልግሎት» ስለሚሉ «በቤተ ክርስቲያን ያገለገለ» የሚለው ሐረግ በጭፈራ ቤት ያልተንገላታ፣ በጥንቃቄ የተያዘ ማለት ነው። ሻጮች ይህን ያውቃሉ፤ ሐረጉን የማይገባውም ዕቃ ላይ ይለጥፉታል። የጎደለን በዕድሜው የከበረውን መሣሪያ ከደከመው የሚለይ ቃል ነው የሚሉ አሉ፤ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው ፕሪሲዥን ቤዝና በ1960 ያወጣው ጃዝ ቤዝ፣ በተለይም ኩባንያው በ1965 ለሲ ቢ ኤስ ከመሸጡ በፊት የተሠሩት፣ ከአዲሶቹ ብዙ እጥፍ ይወደዳሉና። እኛ ግን አልጎደለንም እንላለን። አማርኛ «የድሮ ዕቃ ነው» ሲል ማድነቁ ነው፤ «አሮጌ ዕቃ ነው» ሲል መናቁ። የኢቤክስና የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮ ወይም የዋልያስ ባንዱን መላከ ገብሬን ቤዝ ሰምቶ ያደገ ትውልድ «የድሮ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ማስረዳት አያሻም።

ሽማግሌዎቹ ጉዳዩን በዕርቅ ጨረሱት። ሻጩ ከተከፈለው ገንዘብ ከፊሉን መለሰ፤ ኮሚቴውም በዚያው ገንዘብ ስፒከሩን ከሌላ ሰው ገዛ። ለሁለተኛው ግዢ የተጻፈውን ውል እንድናርመው በሰው ላኩልን። «ያገለገለ፣ ያልተፈታ፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ የቤዝ ስፒከር፣ ያለ አምፕሊፋየር» ይላል። ያረምነው የ«ሣጥን»ን «ሣ» ብቻ ነው።