ጉትቻ ያጠለቀው ጅብ በገዳሪፍ ምግብ ቤት፦ ስለ አንድ የቃል ተረት የቀረበ ሂስ

«ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይላሉ አበው። ምሳሌው የሚስቀው በጅቡ ላይ ነው። ቁርበት የሚበላ አውሬ፣ ማንነቱን የሚያውቅ በሌለበት አገር እንደ ጨዋ እንግዳ ቁርበት ይነጠፍልኝ ይላል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጅብ ከዚህም አልፎ ሄዷል፤ ከጎንደር ተነሥቶ፣ መተማን ተሻግሮ፣ ሱዳን ገዳሪፍ ድረስ ዘልቆ ምግብ ቤት ገብቷል። ዓላማችን ተረቱ እንደ ጨዋታ ምን ያህል የተዋጣ፣ እንደ ፍርድ ግን ምን ያህል የተጣመመ እንደሆነ ለሥራ ጓደኞቻችንና ለተማሪዎች ማሳየት ነው።

ገዳሪፍ ከመተማ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ በማሽላና በሰሊጥ የታወቀች ከተማ ናት። በአጨዳ ወራት ከአገራችን ብዙ የቀን ሠራተኛ ሲወርድባት ኖሯል። ስለዚህም ፉልና ኪስራ ከሚቀርብበት ቤት አጠገብ እንጀራ የሚበላበት ቤት ማግኘት እንግዳ ነገር አልነበረም። እኛም ተረቱን የሰማነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ሲሆን፣ ተራኪው በዚያ መሥመር ላይ ያረጁ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንዲት ኢትዮጵያዊት ምግብ ቤት ማታ ተከድኖ የሚያድር የሥጋ ወጥ ጠዋት ጠዋት ባዶውን ይገኛል። በሩ እንደ ተቆለፈ ነው፤ ድመት እንዳይባል፣ በክዳኑ ላይ የተጫነው ድንጋይ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ሱዳናዊው ዕቃ አጣቢ «ጂን ነው» ይላል። የአርማጭሆዋ አስተናጋጅ «ኧረ ቡዳ ነው እንጂ!» ትላለች። እትዬ ባለቤቲቱ ለሁለቱም ይጠነቀቃሉ፤ ለጂኑ ዕጣን ያጨሳሉ፣ ለቡዳው ከድስቱ አጠገብ ከሰል ያኖራሉ። ወጪ በረከተ እንጂ ወጡ ማለቁን አልተወም። በመጨረሻ ዓይን ሁሉ በአንድ ደንበኛ ላይ ያርፋል። ይህ ሰው የቤቱን ቢላዋዎች የሚሠራና የሚስል ቀጥቃጭ ነው፤ ሁልጊዜ ጥግ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ዝም ብሎ ይበላል። በሦስተኛው ሌሊት ጅብ ይጮኻል። ሲነጋ ሰውየው የለም፤ ከጓሮ ግን ጆሮው ላይ ጉትቻ የሚያብለጨልጭ ጅብ ሲሮጥ ይታያል።

በቅድሚያ የተረቱን ብልኀት እንመስክር። አንደኛ፣ ቀልዱ ከሰዎቹ ጠባይ የሚመነጭ ነው። በአንድ ማድ ቤት ውስጥ ጂንና ቡዳ ሲፎካከሩ፣ ባለቤቲቱ ለማንም ሳያዳሉ ለሁለቱም ግብር ሲከፍሉ እንስቃለን፤ ሳቁም በማንም ላይ ጠባሳ አይተውም። ሁለተኛ፣ ምሥጢሩ በሚገባ ተቋጥሯል። የተቆለፈው በርና ያልተነቃነቀው ድንጋይ «ሌባው ቁልፍ ያለው፣ ድንጋዩንም አንሥቶ የሚመልስ እጅ ያለው ነው» ብለው ይመሰክራሉ። ሾፌሩ በጨዋታ መካከል፣ እንደ ዘበት፣ የሌሊት ዘበኛው በየሳምንቱ ቀበቶውን እያላላ መሄዱን ሁለት ጊዜ ጠቅሰዋል። ልብ ያለው አድማጭ ወጡን ማን እንደ በላው ጅቡ ሳይጮኽ ያውቀዋል።

ይህ የጉትቻ ጅብ ከሾፌሩ የተወለደ አይደለም። ናትናኤል ፒርስ የተባለው እንግሊዛዊ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአገራችን ኖሮ የጻፈው መጽሐፍ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1831 ሲታተም፣ ጉትቻ ያላቸው ጅቦች ነገር በውስጡ ነበረበት። ባልንጀራው ኮፊን የተናገረውም አብሮ ይገኛል። አንድ አሽከሩ ፈቃድ ጠይቆ ይሄዳል፤ ወዲያው ሌሎቹ አሽከሮች «ተመልከት፣ ጅብ እየሆነ ነው!» ብለው ይጮኻሉ፤ ኮፊን ዞር ሲል ሰውየው የለም፣ በሜዳው ላይ ግን ጅብ ይሮጣል። እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባው አንድ ነገር አለ። ኮፊን ሰውየው ሲሄድ አይቷል፤ ጅቡ ሲሮጥም አይቷል፤ ሰውየው ጅብ ሲሆን ግን አላየም። ዋናው ነገር ሲፈጸም የምስክሩ ፊት ወደ ሌላ ዞሮ ነበር። የቡዳ ተረት የሚቆመው ሁልጊዜ በዚህች ባልታየች ቅጽበት ላይ ነው።

ወደ ገዳሪፍ እንመለስ። በማግስቱ ማታ ሾፌሩ ያንኑ ተረት ለሌሎች ሲያጫውቱ እንደገና ተቀመጥን። በዚህ ጊዜ ከአድማጮቹ መካከል በዕድሜ የገፉ፣ በሙያቸው ቀጥቃጭ የሆኑ ያገራችን ሰው ነበሩ። ተረቱ ቃል በቃል ሄደና መጨረሻው ላይ ተለወጠ። ጅብ የሚባል አልመጣም፤ ዘበኛው ቁልፉን በወገቡ፣ ቅልጥሙን በእጁ እንደያዘ ተያዘ። ሳቁ ከትናንቱ በረታ። ኋላ ለብቻቸው አግኝተን «ጋሼ፣ ዛሬ ለምን ለወጡት?» ብንላቸው፣ «ሰውየው ቁጭ ብለው እያዩኝ እንዴት አድርጌ!» አሉን።

ከዚህ መልስ የተሻለ ሂስ አናውቅም። ተራኪው እውነተኛው መጨረሻ የትኛው እንደሆነ ያውቁታል። የጅቡን መጨረሻ የሚያወጡት ተከሳሹ በሌለበት ብቻ ነው። ለዚህም ነው በተረቱ ውስጥ ቀጥቃጩ አንዲት ቃል እንኳ የማይናገረው። ዓይን የሚፈራ ሰው በድንበሩ ወዲህም ወዲያም አለ፤ ሱዳናዊው ያማረ ነገር ሲያይ «ማሻአላህ» ይላል፣ የእኛ ሰው ጉርሻውን ይሸፍናል። በእኛ ተረት ግን ክፉው ዓይን ሙያና ዘር ተሰጥቶታል፤ የቀጥቃጭ ነው፣ የሸክላ ሠሪ ነው፣ የፋቂ ነው ተብሏል። እንግዲህ ሥጋው የተቆረጠበት ቢላዋ፣ እንጀራው የተጋገረበት ምጣድ፣ ቡናው የፈላበት ጀበና የማን እጅ ሥራ ነው? ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት ዐዋጅ የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለው ነበር። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ተረቱ ግን ዛሬም እራት ይበላል።

ጉዳዩ የሳቅ ብቻ እንዳልሆነ ያው የገዳሪፍ ምድር ይመሰክራል። በብረትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ስለነበሩ ቡዳ ይባሉ ከነበሩት ወገኖቻችን መካከል ቤተ እስራኤል ይገኛሉ። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. በሺህ የሚቆጠሩት ኢየሩሳሌምን ተመኝተው በእግራቸው ወደ ሱዳን ተሻገሩ፤ ብዙዎቹም በገዳሪፍ አካባቢ በኡም ራኩባ መጠለያ ማንነታቸውን እየደበቁ ሰነበቱ። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የተወሰዱት 8 ሺህ ያህል ናቸው። በመንገድና በመጠለያ የሞቱት ወደ 4 ሺህ ይደርሳሉ ተብሎ ይገመታል። እነዚህን ሰዎች ከአገራቸው ያስወጣቸው ተረት ብቻ ነው አንልም። ነገር ግን ጎረቤቱን ጅብ እያለ ሲጫወት የኖረ ሰው፣ ያ ጎረቤት ሲሄድ ለማዘን ይዘገያል።

እኛም ከዚህ ነፃ አይደለንም። ማስተማር በጀመርንበት ዘመን ይህንኑ የጅብ ተረት በክፍል ውስጥ አውርተን ተማሪውን ሁሉ አስቀናል። ከአንዲት ልጅ በቀር። እናቷ ሸክላ ሠሪ መሆኗን የሰማነው ኋላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳዋን ከጓደኞቿ ተለይታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስትበላ አየናት። የገዳሪፉ ቀጥቃጭ ለምን ጥግ እንደሚይዝ ያስተማረችን እርሷ ናት። ይቅርታ ለመጠየቅ ስንነሣ ዓመቱ አልቆ ነበር።

ታዲያ ተረቱ ይቅር ወይ? አይቅር እንላለን፤ ከክፍል ብናባርረው ከምግብ ቤት አይጠፋም። መምህሩ ተረቱን ጅቡ ሊጮኽ ሲል ያቁመውና ተማሪዎችን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ቁልፉ በማን እጅ ነበር? ሰውየው ጅብ ሲሆን በዓይኑ ያየ ማን ነው? እስካሁን ያልተናገረውስ ማን ነው? ከዚያም እያንዳንዱ ተማሪ መጨረሻውን ይጻፍ፤ ለቀጥቃጩም ቢያንስ አንድ ንግግር ይስጠው። ሾፌሩ ሰውየው ፊት ለፊት ሲያያቸው የመረጡት መጨረሻ፣ ሰውየው በሌለበትም የሚመረጥ መሆን ይገባዋል።