ሁለተኛው እግር

የራግቢ ኳስ ጠባይዋ አይታወቅም። ሞላላ በመሆኗ መሬት ስትነካ አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ጎን ትነጥራለች። እንግሊዛዊው ጆኒ ዊልኪንሰን የተጫዋችነት ዘመኑን ያሳለፈው ይህችን ኳስ በመግራት ነው። ከየትኛውም ማዕዘን፣ በየትኛውም ሰዓት፣ በ5.6 ሜትር ርቀት በቆሙት ሁለት ቋሚዎች መካከልና ከ3 ሜትሩ አግዳሚ በላይ ያሳልፋታል። ለብሔራዊ ቡድኑ በ91 ጨዋታዎች ካስቆጠራቸው 1179 ነጥቦች አብዛኞቹ የተገኙት በዚህ መንገድ ነው።

የቅጣት ምቱን ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ይላል። ዊልኪንሰን ግራኝ ነው። ኳሷን በማስቀመጫዋ ላይ ካቆመ በኋላ ወደ ኋላና ወደ ቀኝ ፈቀቅ ይላል። ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሁለት እጆቹን ከፊቱ ያቆላልፋል። ለተመልካች ጸሎት የሚያደርስ ይመስላል፤ ለእርሱ ግን እጆቹ የስታዲየሙን ጩኸት ከውጭ የሚያስቀሩ መከለያ ነበሩ። ዓይኑ ከኳሷ ወደ ቋሚዎቹ፣ ከቋሚዎቹ ወደ ኳሷ ይመላለሳል።

የሚያነጣጥረው ወደ ባዶው ክፍተት አይደለም። ከአሠልጣኙ ከዴቭ አልሬድ ጋር ዶሪስ የምትባል ሴት ፈጥረው፣ ከቋሚዎቹ ጀርባ ካሉት ወንበሮች በአንዱ ላይ በሐሳባቸው አስቀምጠዋት ነበር። ኳሷ መድረስ ያለባት እርሷ ዘንድ ነው። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ስሌት አለው፤ ወደ አንዲት ወንበር ያነጣጠረ ሰው በሁለት ሜትር ቢስታት እንኳ ኳሷ በቋሚዎቹ መካከል ታልፋለች። ምቱም እግርን ማወናጨፍ አይደለም። ቁርጭምጭሚቱን አጠንክሮ፣ በእግሩ የላይኛው አጥንት ኳሷን ያገኛታል፤ ከዚያም ሰውነቱ ወደ ጎን ሳይዞር ወደ ዒላማው ይቀጥላል።

ድሮፕ ጎል የሚባለው ግን ከዚህም ይከፋል። ማስቀመጫ የለም። ተጫዋቹ ኳሷን ከእጁ ይለቅና መሬት ነክታ ስትነሣ ይመታታል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ተከላካዮች እየተንደረደሩበት ነው። ሥራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በእግር ሳይሆን በእጅ ነው፤ ኳሷ በጫፏ ቀጥ ብላ ካልወረደች የትኛውም እግር አያቀናትም። ዊልኪንሰን ለእንግሊዝ 36 ድሮፕ ጎል አስቆጥሯል።

ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 2003 በሲድኒ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የተቆጠረው ነው። እንግሊዝና አውስትራሊያ መደበኛውን ሰዓት 14 ለ 14 ጨርሰው፣ በተጨማሪው ሰዓት 17 ለ 17 ነበሩ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልቀረም። የእንግሊዙ ስቲቭ ቶምሰን ከመስመር የወረወራትን ኳስ ሉዊስ ሙዲ ከኋላ ያዛት። ማት ዶውሰን ክፍተት አይቶ ሰንጥቆ ገባ። አምበሉ ማርቲን ጆንሰን ኳሷን ይዞ አንድ ጊዜ ተጋፋ፤ ዶውሰን ከወደቀበት ተነሥቶ ቦታውን እስኪይዝ ጊዜ ገዛለት። ከዚያ ኳሷ ወደ ዊልኪንሰን ሄደች። በዚያ ምሽት ቀደም ብሎ የሞከራቸው ድሮፕ ጎሎች ስተውበት ነበር። ግራኙ ሰው በቀኝ እግሩ መታት፤ 20 ለ 17።

ብዙ ሰው ከዚያ ምሽት የሚያስታውሰው የሰዓቱን ማለቅ ነው። የሙያው ጥግ ግን ቀኝ እግሩ ነው። ሁለተኛውን እግር የሚያለማምድ ሰው ምናልባት ፈጽሞ ለማይመጣ ቀን ነው የሚደክመው። በዋናው እግር የሚገኘው ጭብጨባ የለውም፤ ለዓመታት ሲስት ይኖራል። ዊልኪንሰን ይህን ድካም የጀመረው በልጅነቱ ነው።

ሙያው ዋጋም አስከፍሎታል። እንደ እርሱ ያሉ አሥር ቁጥር ለባሾች ብዙውን ጊዜ ከግጭት ይሸሻሉ፤ እርሱ ግን ግዙፎቹን ፊት ለፊት ይጥል ነበር። ከሲድኒ በኋላ ጉዳት እየተፈራረቀበት ለእንግሊዝ እንደገና የተሰለፈው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2007 ነው፤ በዚያ ቀን በስኮትላንድ ላይ 27 ነጥብ አስቆጠረ። እንከን የለሽ የመሆን ፍላጎቱ ለጭንቀት እንደዳረገውም ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። ስለዚህ ያን ልምምድ ሳናደንቅ ባናልፍም፣ ለልጆች እንደ መድኃኒት ማዘዝ አይገባም።

የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት የተጫወተው በፈረንሳዩ ቱሎን ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 24 ቀን 2014፣ 35 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ በካርዲፍ በተደረገው የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ቱሎን ሳራሰንስን 23 ለ 6 ረታ። በሳምንቱ ደግሞ ካስትርን 18 ለ 10 አሸንፎ የፈረንሳይን ዋንጫ ሲያነሣ፣ ከ18ቱ ነጥብ 15ቱ የዊልኪንሰን ነበሩ፤ በዚያው ጨዋታ ተሰናበተ። በካርዲፍ ካስቆጠረው መካከል አንድ ድሮፕ ጎል አለ፤ የመታውም በቀኝ እግሩ ነው። ሲድኒ ላይ ዕድል ረዳው ለሚል ሰው፣ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በሌላ ፍጻሜ፣ በሌላ ማልያ የተደገመው ይህ ምት በቂ መልስ ነው።