ሜምብሬን ይለያል እንጂ አያጠፋም

«ሜምብሬን ባክቴሪያን ከመድኃኒት ጋር የሚያላምዱ ጂኖችን 99.9 በመቶ ከፍሳሽ ያስወግዳል» የሚል ስታነቡ ቶሎ አታጨብጭቡ። በአንድ ሊትር 100 ሚሊዮን ቅጂ ቢኖር 100 ሺህ ያልፋል ማለት ነው። የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ አቅም በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ነው፤ እዚያ ሜምብሬን ተገጠመ እንበልና አባዙት!

ባክቴሪያውን ቀዳዳው ያስቀረዋል። ሲሞት የሚለቀው ዲኤንኤ ግን ውፍረቱ 2 ናኖሜትር የሆነ ክር ስለሆነ ሊሾልክ ይችላል። «ተወገደ» የተባለውስ የት ሄደ? ዝቃጩ ውስጥ ነዋ! ውሃውን ብቻ ለክቶ የሚያቆም ጥናት፣ ለእኔ ግማሽ ሥራ ነው።

ሉማሜን በመሰለ፣ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ በሆነ ከተማ ሜምብሬን ባይኖርም ጥያቄው ያው ነው፦ ጉድጓዱ ሲሞላ የሚመጠጠው የት ይደፋል? ማሳ ዳር ከሆነ፣ ጂኑ ወደ ሌላ ባክቴሪያ ሊሻገር፣ ነገ የሚታዘዝላችሁም አሞክሳሲሊን ላይሠራ ይችላል።