መንደሩ ድልድዩን ሲሻገር

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም እንጀራዬ ከሆነ ቆይቷል። ከሁሉ ይበልጥ ያሳፈረኝ ስሕተት ግን ቃል ጠፍቶኝ የመጣ አይደለም። አንድ የጉዞ ዘገባ ላይ «ድልድዩን ተሻግረን ጥቂት እንደሄድን መንደሩ ታየን» የሚል ነበረ። ጥቂቷን መንገድ ለማሳጠር ዋጥ አድርጌ፣ «ክሮሲንግ ዘ ብሪጅ፣ ዘ ቪሌጅ ኬም ኢንቱ ቪው» ብዬ አስረከብኩ። አራሚዋ በእርሳስ አሰመረችበትና ከጎኑ ጻፈች፦ «መንደሩ እግር አለው ወይ?»

መጀመሪያ ሳቅሁ። የት ላይ እንደሳትኩ የገባኝ ግን ወደ ራሴ ቋንቋ ስመለስ ነው። «ተሻግረን» ስንል መጨረሻ ላይ ያለችው «ን» ተሻጋሪዎቹ እኛ መሆናችንን ትናገራለች። ተሻግሬ፣ ተሻግረህ፣ ተሻግራ፤ ባለቤቱ ከግሱ ጋር ተሰፍቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ «ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ጨቀየ» ቢባል ማንም አይደናገርም። ዐረፍተ ነገር መዝጋት የማሰሪያ አንቀጽ ሥራ ስለሆነ ይሄኛው ቦዝ አንቀጽ ተባለ እንጂ፣ ቦዝም ቢሆን መታወቂያው ከኪሱ አይለይም።

የእንግሊዝኛው ፓርቲሲፕል መታወቂያ የለውም። «ክሮሲንግ» ለእኔም፣ ለአንቺም፣ ለእነሱም ያው ነው። ባለቤቱን የሚበደረው ከዋናው ዐረፍተ ነገር ነውና ከኮማው ማዶ መንደር ከቆመ መንደሩን ያሻግረዋል። ባለቋንቋዎቹም ይስቱታል። በሼክስፒር «ሐምሌት» የሟቹ ንጉሥ መንፈስ ተኝቶ ሳለ እባብ ነደፈው ተብሎ ስለ አሟሟቱ የተወራውን ሲናገር፣ ሰዋስው ለሚያጠብቅ አንባቢ አትክልት ቦታው ውስጥ የተኛው ንጉሡ ሳይሆን እባቡ ነው። ለሼክስፒር ያልፍለታል፤ በገጽ ለሚከፈለኝ ለእኔ ግን አያልፍልኝም።

ጊዜውም ያስቸግራል። «ሻይ ጠጥቶ ወጣ» የሚለውን ጀማሪ ተርጓሚ «ድሪንኪንግ ቲ፣ ሂ ዌንት አውት» ሲለው ሰውየው ስኒውን አፉ ላይ እንዳደረገ በሩን ሲያልፍ ይታየኛል። ያ እኮ «እየጠጣ ወጣ» ነው! ጠጥቶ ከጨረሰ «ሃቪንግ ድራንክ» ይባላል። ስለዚህ «ኢንግ» ስትመጣ ቀድሜ የማስበው «እየ»ን ነው። ሁልጊዜ ግን አይሠራም፤ «ኦፕኒንግ ዘ ድሮወር፣ ሺ ቱክ አውት ኤ ሌተር» ሲሉ መሳቢያው ተከፍቶ ነው ደብዳቤው የሚወጣው። እዚህ ላይ ቦዛችን ልክ ይመጣል።

የዝናቡን ዐረፍተ ነገር «ኢት ሃቪንግ ሬይንድ» ብሎ መጀመር ሰዋስዉ ይፈቅዳል፤ ለጆሮዬ ግን የፍርድ ቤት ወረቀት ይመስለኛል። «ኢት ሬይንድ፣ ኤንድ ዘ ሮድ ተርንድ ቱ መድ» ብዬ ሁለት ማሰሪያ ሰጥቼው አልፋለሁ። የዚያን ቀኑንም መንደር «አፍተር ዊ ክሮስድ ዘ ብሪጅ» ብዬ ተሻጋሪዎቹን በስማቸው ጠራኋቸው። አራሚዋ ሁለተኛ እርሳሷን አላነሳችም።