መርጡለ ማርያምን ስናነብ

ከቢቸናም ከሞጣም የሚደረስበት የመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ እንደ መጽሐፍ ይነበባል፤ ንባቡ ግን አንድ አይደለም። የአካባቢው ትውፊት ቦታውን ከአብርሃና አጽብሐ ዘመን ጋር ያያይዘዋል። የታሪክ ጸሐፊዎች ንግሥት እሌኒ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠሩትንና በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን የጨመሩትን ይለያሉ። “የፖርቱጋሎች ሥራ ነው” የሚለው ንባብ እሌኒን ይሰርዛል፤ ትውፊትን ብቻ ይዞ መሟገትም ድንጋዩን ዝም ያሰኛል። ከሁሉ የሚደክመው ግን “የእኛ ቤተ ክርስቲያን ስላልሆነ አይመለከተንም” የሚለው የእኛው ንባብ ነው። ኢያሱ ከዮርዳኖስ ያስወጣቸውን 12 ድንጋዮች ያቆመው ልጆች እንዲጠይቁ ነበር። እኛ የአያቶቻችንን አገር ድንጋይ ሳንጠይቅ ካለፍን፣ ልጆቻችን ሲጠይቁን ምን እንመልሳለን?